እናቴን ከባሕር ዳር መሃል ከተማ ኤርፖርት በምን ላድርሳት?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ዳንግላ ነው። እናቴ ለጉልበቷ ሕክምና አዲስ አበባ ልትሄድ ነው፤ ያውም በአውሮፕላን። በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው። በመኪና እንዳትሄድ ከዚህ አዲስ አበባ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጉልበቷ ያን ሁሉ ሰዓት ታጥፎ አይቆይም። መንገዱም እንደምታውቁት ነው፤ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ። ዋዜማውን ባሕር ዳር ቀበሌ 14 አክስቴ ቤት እናድራለን። ትኬቱ ላይ 7:40 ይላል። 5 ሰዓት ላይ ከቤት ብንወጣ ይበቃናል? በምንስ እንሂድ? ባጃጅ? ሚኒባስ? የሆቴል መኪና? ዕቃችን አንድ ሻንጣ፣ አንድ ዘንቢል እና አንድ የፕላስቲክ ባልዲ ቅቤ ነው። ቅቤውን ተይው ብንላት አልሰማችንም።

ጥያቄዬ ይኸው ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ መልሱ ከ30 አለፈ። አሁን የሚገባ ሰው ሁሉንም እያነበበ እንዳይደክም ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ ልሰብስበው። ስድቡን ቀንሼዋለሁ።

1ኛው መልስ የጨዋ ሰው ነው። መጀመሪያ ለእናቴ ምሕረት ለመነላት። ከዚያ ባጃጅ በኮንትራት ያዝ፣ ሌላ አያስፈልግህም አለኝ። ከመሃል ከተማው ኤርፖርቱ ወደ ምዕራብ 8 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ ቀን ላይ ደግሞ መንገዱ አያስቸግርም። 2ኛው በዚህ ተስማምቶ አንድ ነገር ጨመረ። ዋጋውን ሳትቀመጡ ተነጋገሩ፣ ሻንጣ ከተጫነ በኋላ ዋጋ ማውራት ከተሸናፊ ወገን ሆኖ መደራደር ነው የሚል። ባጃጅ ኮንትራት ካላልከው መንገድ ላይ ሌላ ሰው እንደሚጭንም አስታወሰኝ። ከኋላ ሦስት ሰው ይቀመጣል፤ እናቴ ግን እግሯን ዘርግታ መቀመጥ አለባት።

3ኛው መልስ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ሁሉንም ተወውና በስልክህ መተግበሪያ ታክሲ ጥራ አለኝ። ስለ ቦሌ መንገድ መጨናነቅ፣ ስለ መስቀል አደባባይ፣ ስለ ቀለበት መንገድ ሰፊ ትምህርት ሰጠኝ። ጥሩ ጽሑፍ ነበር። 4 ቁጥር ወንድሜ፣ የተጠየቀው እኮ ባሕር ዳር ነው ብሎ በትሕትና አረመው። 3 ቁጥር ትሕትናውን አልወደደውም። ተመልሶ መጥቶ ጎጃሜ ሲያርም እንኳን ይኮራል የሚል ነገር ጻፈ። እዚህ ላይ ሦስት አራት ሰው ገባበት፤ እሱን ዘለልኩት።

5ኛው ሐሳብ ብልህ መሰለኝ። እናትህን የሚወስደው አውሮፕላን ባዶውን አይመጣም አለኝ። ከአዲስ አበባ እንግዳ ይዞ ይመጣል፣ ያራግፋል፣ የዚህን ሰው ጭኖ ይመለሳል። የሆቴል መኪኖች ደግሞ እነዚያን እንግዶች ለመቀበል ወደ ኤርፖርት ባዶ ይሄዳሉ። ስለዚህ ከጣና ዳር ሆቴሎች ወደ አንዱ ሂድና ሹፌሩን አናግር፣ ለሻይ ብትሰጠው እናትህ በጥሩ መኪና ትሄዳለች። እኔም በቃ፣ ተገላገልኩ ብዬ ምስጋና ጻፍኩ።

ምስጋናዬ ሳይደርቅ 6 ቁጥር መጣች። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። 7:40 ያልከው በየትኛው ሰዓት ነው?

ትኬቱን አውጥቼ አየሁት። 07:40 ይላል። ከፊቱ ዜሮ አለችው። ያቺን ዜሮ ከተማዋን ሙሉ ስዞር፣ ለአክስቴ ስደውል፣ ለእናቴ ምሳ በልተሽ ትሄጃለሽ ስላት፣ አንድም ቀን አላየኋትም። 6 ቁጥር በትዕግሥት አስረዳችኝ። ትኬት ላይ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በ24 ሰዓት ነው። የእኛ የቀኑ 7:40 ቢሆን ኖሮ 13:40 ተብሎ ይጻፍ ነበር። 07:40 ማለት ከጠዋቱ 1:40 ነው። ስድስት ሰዓት ቀንስ፣ አለቀ። እኔ ባሰብኩት ብንሄድ ኖሮ እናቴ ኤርፖርት ስትደርስ አውሮፕላኗ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ሌላ ቦታ ሄዶ፣ ምናልባት ተመልሶም ነበር።

7 ቁጥር ይህን አይቶ ተቆጣ። በእኔ አይደለም፤ ከ6 ቁጥር በፊት በመለሱት በአምስቱ ላይ ነው። አምስት ሰው ሲመክር አንድ ሰው እንኳ ሰዓቱን አይጠይቅም? ምክር ማለት ጥያቄውን ከሰሙ በኋላ ነው ሲል ወረደባቸው። እውነቱን ነው፤ ግን አፉ ትንሽ ሻከር ይላል። 1 ቁጥር ይቅርታ ጠየቀ። 2 ቁጥር ግን ትኬቱን ያየነው እኛ አይደለንም፣ ባለቤቱ ካላነበበው እኛ ምን እናድርግ አለ። እሱም እውነት አለው።

8 ቁጥር ሁሉንም አሳቀ። የአጎቱ ልጅ ሰርግ ላይ ሚዜ ነበር። ሱፉን በእጁ አንጠልጥሎ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ልክ እንደ እኔ በሀገርኛው ሰዓት ኤርፖርት ደረሰ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ትኬቱን አይቶ ሱፉን አይቶ ምንም አላለውም፤ ዝም ብሎ ወንበር ሰጠው። ሙሽራው ያለ አንደኛ ሚዜ አገባ። የሰርጉ ፎቶ ላይ አንድ ክፍት ቦታ እስከ ዛሬ አለ፤ ዘመዶቹም የዜሮ ቦታ ይሉታል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄዬ ሌላ ጥያቄ ሆነ። ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ለመድረስ ከንጋቱ 11:15 አካባቢ ከቤት መውጣት አለብን። በዚያ ሰዓት በምን?

9 ቁጥር ራሱ የባጃጅ ሹፌር ነው። ከሁሉም የረዘመው መልስ የእሱ ነው፣ ለእኔም የጠቀመኝ እሱ ነው። 1 እና 2 ቁጥር ያሉት ለቀን ልክ ነው አለ። ቀን ቀበሌ 14 ላይ እጅህን ሳታነሳ ሦስት ባጃጅ ይቆምልሃል። ንጋት ላይ ግን ሌላ ከተማ ነው። ማታ ሲሠራ ያመሸው ተኝቷል፣ የቀኑ አልተነሣም። በዚያ ሰዓት የሚንቀሳቀሰው አብዛኛው ቤተ ክርስቲያን ሳሚ እናቶችን የሚያደርስ ነው፤ እሱም ደንበኛ አለው፣ ለአንተ አይቆምም። ስለዚህ መንገድ ላይ ቆሞ መጠበቅ የለም። ማታውን ሰው ይዘህ ማደር ነው። ስትይዝም ዋጋውን ብቻ አትጠይቅ። ቤንዚን ሞልቶ ነው የሚያድረው ወይስ ጠዋት ልቅዳ ይላል? ጠዋት ልቅዳ ያለህን ተወው፤ ቤንዚን በጠፋ ሰሞን ሰልፉ ላይ ነው የምታገኘው። ቤቱ የት ነው? ዘንዘልማ የሚያድር ልጅ በዚያ ሰዓት ቀበሌ 14 ድረስ ለመምጣት ሳይሰንፍ አይቀርም። በዚያ ሳምንት ሰዓት እላፊ ካለም ቀድመህ አጣራ። ደግሞ አንድ ሹፌር ብቻ ይዘህ አትደር። የሁለተኛውን ስልክ ያዝ፣ እሱን መጥራት እንዳያስፈልግህ ግን ለመጀመሪያው ሁለተኛ እንዳለህ ንገረው። ያኔ እንቅልፍ አይወስደውም።

ይህን የመጨረሻዋን ብልሃት ሰው ሁሉ ወደዳት። 7 ቁጥር እንኳ ተመልሶ አመሰገነ።

10 እና 11 ቁጥር በኤርፖርቱ በር ተጣሉ። 10 ቁጥር ባጃጅ ግቢው ውስጥ አይገባም፣ እኔን በር ላይ አውርዶኝ ሻንጣ እየጎተትኩ ነው የገባሁት አለ። 11 ቁጥር ውሸት ነው፣ እኔ እስከ ደረጃው ደርሻለሁ አለ። 10 ቁጥር የትኛው ደረጃ ብሎ ጠየቀ። 11 ቁጥር ዓመቱን ተናገረ፤ ለካ የድሮ ወሬ ነው። ክርክሩ ወደ ስድብ ሲያዘነብል 9 ቁጥር ገብቶ ዳኛቸው። እንደ ዕለቱ ጥበቃ ነው፣ በር ላይ እንደምትወርድ አስበህ ተነሣ፣ ካስገቡህ እሰየው። ለጤነኛ ሰው ይህ ቀላል ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ይኸው ከበር እስከ ተርሚናል ያለው ርቀት ነው። ከስምንቱ ኪሎ ሜትር ይልቅ ያቺ የመጨረሻዋ እርምጃ ለእናቴ ትከብዳለች።

12 ቁጥር በ5 ቁጥር ሐሳብ ላይ ውሃ ቸለሰ። ሂሳቡን እስቲ ሥሩት አለ። የሆቴል መኪና እንግዳ ሊቀበል የሚሄደው አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል ነው። አውሮፕላኑ ያረፈ ጊዜ ደግሞ የእናትህ የጉዞ ጓደኞች ሻንጣቸውን አስረክበው፣ ተፈትሸው፣ ውስጥ ተቀምጠዋል። ያ መኪና የሚያደርሳት ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ ነው። ብልህ የመሰለኝ ሐሳብ እንዲህ ፈረሰ። 5 ቁጥር ሰውዬው ቅር አላለውም፤ ልክ ነህ፣ እኔ ሁልጊዜ ተቀባይ እንጂ ሂያጅ ሆኜ አላውቅም አለ።

13 ቁጥር ከዓባይ ማዶ ነው። ድልድዩ ላይ መጨናነቅ እንዳለ አስቡ፣ አንድ ሰዓት ጨምሩ ሲል መከረ። 14 ቁጥር ቀበሌ 14 ያለ ሰው ኤርፖርት ለመሄድ ምን ድልድይ ይሻገራል ብሎ ሳቀበት። ዓባይ በምሥራቅ ነው፣ ኤርፖርቱ በምዕራብ። ደግሞ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ ድልድይ በግንቦት 2016 ተመርቋል፣ የድሮውን ስቃይ ለልጆችህ ንገራቸው አለው። 13 ቁጥር ከዚያ ወዲህ አልታየም።

እዚህ ላይ ነገሩ ከእጄ ወጣ። 15 ቁጥር ሲመልስ ኤርፖርቱን በድሮ ስሙ ግንቦት 20 ብሎ ጠራው። ከልማድ ይሁን ከሌላ አላውቅም። 16 ቁጥር እንደ እሳት ተነሣ። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ኤርፖርት ነው የሚባለው፣ ስሙን ጥራ አለ። 17 ቁጥር ለ16 አጨበጨበ። 18 ቁጥር ደግሞ የአባ ኮስትርን፣ የዚያኑ የበላይን፣ ታሪክ ከጣሊያን ወረራ ጀምሮ በ1937 አዲስ አበባ ላይ እስከ ተሰቀለበት ድረስ ጻፈ፤ ደህና አድርጎ ነው የጻፈው፣ አንብቤ አዘንኩ። 19 ቁጥር ትውልዱ ወሎ ነው አለ። ከ20 እስከ 23 ያሉት መልሶች ስለዚሁ ናቸው። እናቴ ግን አሁንም ቀበሌ 14 ቁጭ ብላ ባጃጅ ትጠብቃለች።

24 ቁጥር ምን ሊል እንደፈለገ አልገባኝም። ባሕር ዳር ኤርፖርት አካባቢ ወፍ ስላለ ተጠንቀቁ ብሎ የ1981ን አደጋ አነሣ። እውነተኛ ታሪክ ነው። በመስከረም 5 ቀን 1981 ከባሕር ዳር የተነሣ ቦይንግ 737 ርግቦች ሞተሮቹ ውስጥ ገብተውበት፣ ለመመለስ ሲሞክር ሞተሮቹ ጠፍተው ሜዳ ላይ በሆዱ አረፈና ተቃጠለ። ከ104 ሰው 35ቱ ሞቱ። 25 ቁጥር፣ 6 ቁጥር የነበረችው ሴት ናት፣ በጣም ተቆጣች። የመጀመሪያ ጉዞዋን ለምትሄድ እናት ልጅ ይህ ይነገራል? መንገደኛ ምን ያድርግ? ወንጭፍ ይያዝ? 24 ቁጥር ይቅርታ ጠይቆ አባቱ በዚያን ጊዜ ባሕር ዳር ይሠራ እንደነበር፣ ጭሱን አይቶ ሮጦ እንደሄደ፣ መስከረም በመጣ ቁጥር እንደሚያወራው ጻፈ። ያኔ ማንም አልተናገረውም። እኔም አልተናገርኩትም። ለእናቴ ግን አላነበብኩላትም።

26 ቁጥር አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ ብለን ነው የምንጠራቸው። ደብረ ማርቆስ ላይ በልጅነታቸው ዲሲ 3 ሲያርፍ ያዩ ናቸው። ሜዳው ላይ የሚግጥ ከብት አባሩ ተብሎ ልጆች ይላኩ ነበር። እሳቸው ላም ሲያባርሩ አውሮፕላኑ ደረሰባቸውና ቦይ ውስጥ ተኙ። ያኔ ኤርፖርት በምን ልሂድ የሚል ሰው አልነበረም፣ ኤርፖርቱ ራሱ የግጦሽ መሬታችን ነበር አሉ። መልስ አይደለም። ግን እወደዋለሁ።

ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ የመለሰን 27 ቁጥር ነው። የሚሠራው ከመንገደኛ ጋር ነው፤ የት እንደሆነ አልተናገረም። ዊልቸር ጠይቅ አለኝ። ኤርፖርት ስትደርስ ሳይሆን ቀደም ብለህ፣ ትኬቱን ለቆረጠልህ ሰው ደውለህ አስመዝግብ። አዲስ አበባም ስትወርድ ሰው ወንበር ይዞ ይጠብቃታል። ደግሞ ትኬቱ ላይ ያለው ስም ከመታወቂያዋ ጋር መመሳሰሉን ፊደል በፊደል እይ አለ። አየሁ። የአያቴ ስም ላይ አንድ ፊደል ጎድሎ ነበር። አስተካከልን።

28 እና 29 ስለ ቅቤው ናቸው። 28 ቁጥር በእጅ አትያዝ፣ ፍተሻ ላይ ጣጣ ነው፣ ከሻንጣ ጋር ስጠው አለች። ባልዲውን በፌስታል ሁለት ጊዜ ጠቅልል፣ ክዳኑን በፕላስተር እሰር፣ ከዚያ ጨርቅ መሃል ክተተው። እሷ ይህን ባለማድረጓ ቦሌ ላይ ሻንጣዋ ከመምጣቱ በፊት ሽታው መጣ። የአንድ ሰው ነጭ ሸሚዝ ተበላሽቶ ሰውዬው ግን ሽታው የእናቴን ቤት አስታወሰኝ ብሎ ይቅር አላት። 29 ቁጥር አዲስ አበባ ቅቤ ሞልቷል፣ ምን ያደክማችኋል አለ። ጎጃም ተወልዶ ይህን የሚጽፍ ሰው ካለ ገርሞኛል። 30 ቁጥርም ይህንኑ ነገረው፣ በጣም አጠር ባለ ቃል።

31 ቁጥር በብስክሌት ውሰዳት አለኝ። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን ወንድሜ።

አሁን የሆነውን ልንገራችሁ። 9 ቁጥርን በውስጥ መስመር አናገርኩት፤ እሱ ራሱ መጣ። 11 ሰዓት ላይ እደርሳለሁ ያለው 10:40 ላይ በር ላይ ነበር፤ ሁለተኛ ሹፌር አለኝ ብዬው ነበርና ብልሃቱ በራሱ ላይ ሠራች። እናቴ ከ9 ሰዓት ጀምራ ለብሳ፣ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ዘንቢሏን እግሯ ሥር አድርጋ ተቀምጣለች። ከኋላ ብቻዋን አደረግናት፤ እግሯን አግድም ዘረጋች። እኔ ሻንጣ ታቅፌ ከሹፌሩ ጎን በግማሽ ወገቤ ተንጠለጠልኩ። ከሐይቁ የሚመጣው ብርድ በጎኑ ሸራ ቀዳዳ ይገባል። ልጁ አንድ ቦታ ላይ አቁሞ ሸራውን በሽቦ አሰረላት፣ ከመቀመጫው ሥር ብርድ ልብስ አውጥቶ ጉልበቷ ላይ ጣለ። ጊዮርጊስ ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ዘንባባዎቹ ሥር ከሚጠርጉ ሴቶች በቀር ሰው የለም። ኤርፖርት ስንደርስ ገና አልነጋም።

በር ላይ አስወረዱን። 10 ቁጥር ልክ ነበር። ግን ዊልቸሩ ተመዝግቦ ስለነበር ጥበቃው በሬዲዮ ተናገረና አንድ ልጅ እየገፋ መጣ። እናቴ አልቀመጥም፣ ሬሳ መሰልኩ እንዴ ብላ ትንሽ አስቸገረች። ሹፌሩ ልጅ እማማ፣ ንግሥት ነው የሚመስሉት ሲላት ተቀመጠች። ፍተሻው ላይ የላስቲክ ጫማዋን አውልቂ ሲሏት ቤተ ክርስቲያን መሰላት መሰለኝ፣ ነጠላዋን አስተካከለች።

ከአዲስ አበባ ስትደውል ስለ በረራው ብዙ አላወራችም። ውዳሴ ማርያም ጀምራ ሳትጨርስ ደረሱ፤ ከዳንግላ ባሕር ዳር የመጣንበት ይረዝማል አለችኝ። ቅቤውም ደህና ገብቷል። ከዚያ ያ የባጃጅ ልጅ ቁርስ በልቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። በዚያ ሌሊት ያለ ቁርስ አውጥተነው ዝም ብለን ሸኘነው ብላ ተቆጣችኝ።

33 ቁጥር የእሱ መልስ ነው። ጊዮርጊስ አጠገብ ሻይ በዳቦ በልቷል። ለእማማ ይነገርልኝ ብሏል።